አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ስምንት

ጥቅምት 4 ቀን

ለተወደድሽው የአክስቴ ልጅ፣ ለፌንጣ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለው? እኔ ከዚህች ከማትለቀኝ ሳል በቀር ደህና ነኝ። ሚስቴም ደህና ናት፤ «ያቺ ልጅ ወፍራም ካልሲ ታድርግ በላት» ብላለች። ፈጣሪ የሰው አገር ፊት እንዳይጠቁርብሽ ያድርግልሽ።

ወሬው ትልቅ ስለሆነ ቆመሽ ከሆነ ቁጭ በይና አንብቢው። ቆርቆሮ ባንድ ሊቀየር ነው። ባለፈው ቅዳሜ የባንዱ አድናቂዎች ማኅበራችን እንደ ወትሮው በልብስ ሰፊው ሱቅ ጓዳ ተሰብስቦ ሳለ ሻካራው ራሱ መጣ። ድምፃዊውን ማለቴ ነው፤ እዚያ ሆነሽ ቅጽል ስሙን ረስተሽው እንደሆነ ብዬ ነው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ሮክ ተጫወትን። አሁን ኪቦርድ እናስገባለን። ድራሙም በማሽን ይሆናል፤ ነጎድጓድ ከድራሙ ተነሥቶ ማሽኑን እየነካካ ይጫወታል። እናንተ ካልፈቀዳችሁ ግን አናደርገውም» አለ። እንደምታውቂው ባንዱ ለማኅበሩ ቃል አለበት። የኮንሰርቱን የመጀመሪያ ዘፈን እንኳ የምንመርጥለት እኛ ነን፤ በወረቀት፣ በእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ሰው አንድ ድምፅ። ይኼም እንደዚያው ይወሰናል። ቆጠራው ጥር 12 ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የተነሣውን ጫጫታ ባየሽ። የሒሳብ መምህሩ «ማሽን መስማት ካማረኝ ፍሪጄ አጠገብ እቀመጣለሁ» ብሎ ተነሣ። ፋርማሲስቷ ደግሞ «አንተ ሠላሳ ዓመት አንድ ሱሪ ስለለበስክ ሰው ሁሉ እንዳንተ እንዲሆን ነው የምትፈልገው?» አለችው። ሱሪውን የሰፋው ልብስ ሰፊው ነበርና እርሱም በተራው ተቀየመ። ጸሐፊው እኔ አይደለሁ? የሱሪውን ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ ልጻፈው አልጻፈው ስል ሰዓቱ አለቀ።

እኔ ግን፣ አትደንግጪ፣ ይቀየር ባይ ነኝ። አንቺም እንደዚያው ብትመርጪ ደስ ይለኛል። ወረቀቱን አብሬ ልኬልሻለሁ። «ይቀየር» ወይም «እንደ ነበረ ይቆይ» ብለሽ በእጅሽ ጽፈሽ መልሺልኝ። በደንባችን ከሩቅ የመጣ ፖስታ ለክብሩ መጨረሻ ላይ ይከፈታል። ውጭ ያለሽው አባል አንቺ ብቻ ስለሆንሽ መጨረሻዋ አንቺ ነሽ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ለነጎድጓድ ጥንድ የድራም ዱላ ላኪለት። ቀለል ያለውን ብሏል።

የአጎትሽ ልጅ


ኅዳር 2 ቀን

ለማከብርህና ለምወድህ ጋሼ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤም እንዳለ አለ። ሳልህን ግን ቸል አትበለው፤ የመጽሐፍ ጥረዛው ሙጫ ሽታ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ነገርኩህ። ለሚስትህ ካልሲው ወፍራም ነው በላት። እዚህ የሆቴሉ ምድር ቤት ያለው እንፋሎት ራሱ ካልሲ ነው፤ በቀን አራት መቶ አንሶላ እየተኮስኩ የሚበርደኝ ከሆነ እኔ ሰው አይደለሁም።

ጋሼ፣ ያንን ደብዳቤ የጻፍከው አንተ ነህ? ሁለተኛ ጊታር ሲጨመር ሦስት ወር ያኮረፍከው ሰውዬ? የቤዝ ጊታሩ ተጫዋች ጸጉሩን ሲቆረጥ እንኳ «ድምፁ ተለወጠ» ብለህ የተከራከርከው? ደብዳቤውን ሦስቴ አነበብኩት። አንድም ምክንያት አልጻፍክም። የሌላውን ሰው ክርክር ነግረኸኝ የራስህን ዘለልከው።

የእኔን ልንገርህ። ከቤት ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የእናቴ ቤት ተሸጠ። ሰፈራችን በመንገድ ሥራ ፈረሰ አሉኝ። ወንድሜ ሞተ። ያን ጊዜ ፈቃድ ከልክለውኝ ነው የቀረሁት ብዬ ጽፌላችሁ ነበር። ዋሽቻችሁ ነው። አልጠየቅኳቸውም። ሬሳውን ማየት ፈራሁ። ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«ሰባት ቁጥር አውቶቡስ» ሲጀምር ያለው የድራሙ ስምንት ምት አለ አይደል፣ ድምፃዊው ሳይገባ፤ ወንድሜ ሁልጊዜ በማንኪያ የአልጋውን ብረት ይመታው የነበረው። ካሴቱን ስከፍት ለእነዚያ ስምንት ምቶች ያህል ወንድሜ አለ። ከዚያ ድምፃዊው ይገባል፣ እርሱም ይሄዳል። ሁሉም ነገር ይቀየር ጋሼ፣ ተቀይሯልም። ይኼ አንዱ ይቆይልኝ። ማሽን የመታውን ምን ላድርገው?

ዱላውን የሆቴሉ ሹፌር እህት ሐሙስ ስትመጣ ይዛልህ ትመጣለች። ቀለል ያለውን ያልከው ተሳስተህ መስሎኝ የሚወደውን ከባዱን ገዝቻለሁ። የምርጫ ወረቀቱን ገና አልሞላሁትም። መጀመሪያ ምክንያትህን ጻፍልኝ።

ፌንጣ


ኅዳር 24 ቀን

ለውድ የአክስቴ ልጅ፤

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጥረዛ ክፍል ውስጥ እስከ ክርኔ ሙጫ በሙጫ ሆኜ ሳለ ነው። ታጥቤ እስክከፍተው ቸኮልኩ። ፈጣሪ ድካምሽን ይቁጠርልሽ፤ አራት መቶ አንሶላ ስትይ የእኔ ወገብ ታመመ።

ስለ ወንድምሽ የጻፍሽውን ከእኔ ሌላ ማንም አያነበውም፤ ለሚስቴም አላሳየኋት። እኔ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ብትመጪም ያው ነበር፤ እንደ ሁላችንም ቆመሽ ታለቅሺ ነበር። ይኼን ያህል ዓመት ብቻሽን መሸከምሽ ነው ያሳዘነኝ።

ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሏል። ፋርማሲስቷ ለሒሳብ መምህሩ የሳል ሽሮፕ ስትሸጥለት አንድ ቃል አልተናገረችም፤ በቀን ስንቴ እንደሚወስደው በጣቷ ነው ያሳየችው። ባለ ታክሲው «እንደ ነበረ ይቆይ» ብሎ በመኪናው የኋላ መስታወት ለጥፏል። ተሳፋሪው ሁሉ ምኑ ነው እንደ ነበረ የሚቆየው እያለ ይጠይቀዋል አሉ። በጣቴ ብቆጥር ብቆጥር እኩል እየሆነ አስቸገረኝ።

ምክንያቴን ጠየቅሽኝ። ምክንያት አለኝ። ግን አፌን ያሰረኝ ሰው አለ፤ ቃል ሰጥቻለሁ። እመኚኝ ከማለት ሌላ ምንም ልልሽ አልችልም። አውቃለሁ፣ ይኼ ላንቺ መልስ አይደለም። የጻፍሽልኝን ሁሉ ጽፈሽልኝ ይኼን ብቻ ስመልስልሽ አፍራለሁ።

ዱላዎቹ ደርሰዋል። ነጎድጓድ በጣም አመስግኗል። ሌላ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ደግሞ ፋርማሲ የሚሸጥ የእጅ አንጓ ማሰሪያ አለ፤ ለቀኝ እጅ የሚሆነውን ላኪልኝ። ለእኔ ነው፤ መጽሐፍ ስጠርዝ ያመኛል።

የአጎትሽ ልጅ


ታኅሣሥ 16 ቀን

ለክቡር የማኅበሩ ጸሐፊ፤

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎም ባለቤትዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

የላኩልኝን የምርጫ ወረቀት ሞልቼ በታሸገ ፖስታ አብሬ ልኬአለሁ። «እንደ ነበረ ይቆይ» ነው ያልኩት፤ ከፍተው ከሚደነግጡ ብዬ አስቀድሜ መናገሬ ነው። የእጅ ማሰሪያውንም በሌላ ሰው ልኬአለሁ። ይማርዎ።

ለእርስዎ የነገርኩትን ለናቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። እርስዎ ግን ምሥጢር አለኝ፣ አልነግርሽም፣ ዝም ብለሽ ተከተዪኝ አሉኝ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ስከተል የኖርኩ ሰው ነኝ። አለቃዬ ምክንያት አይነግረኝም፣ የቤት አከራዬ ምክንያት አይነግረኝም። በዚህ በአንዱ ነገር እንኳ ድምፄ የእኔ ይሁን።

አክባሪዎ


ታኅሣሥ 27 ቀን

ፌንጣዬ፤

መልስሽ ገና አልደረሰኝም። ስለዘገየ ነው የምጽፍልሽ። ቃሌን ላፈርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ሰው እንደምሆን አላውቅም።

ነጎድጓድ ታሟል። ቀኝ እጁ ነው። ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። በምሳ ሰዓት ሁልጊዜ ጥረዛ ክፍሌ ይመጣል፤ እየተጫወትን ወረቀት ያጣጥፍልኝ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ወረቀት ማጠፍ አቃተው። ወረቀቷን አስቀምጦ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሐኪሙ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም ብሎታል። ቀላል ዱላ የጠየቅኩሽ ለዚህ ነበር። ማሰሪያውም ለእኔ አይደለም።

ኪቦርዱና ማሽኑ የመጣው በዚህ ነው። ሻካራው ነው ያሰበው። ማሽኑን በአንድ ጣት መንካት ይቻላል፤ ነጎድጓድ እንደ ሁልጊዜው ከኋላ ይቀመጣል፤ ሰውም ባንዱ ዘመናዊ ሆነ ይላል እንጂ ሰውየው አቃተው አይልም። ነጎድጓድ ከእኛ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማንም እንዳያውቅ። ለእጄ ብለው እንዳይመርጡ። ካዘኑልኝ መድረክ ላይ አልወጣም» አለ። እርሱ፣ ሚስቱ፣ ሻካራውና እኔ፣ አራታችን ብቻ ነን የምናውቀው። አሁን አንቺ አምስተኛ ሆንሽ።

ስልክ ልደውልልሽ አስቤ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ስልክ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የልብስ ሰፊው ስልክ ደግሞ አሥር ጆሮ አለው። ደብዳቤው ቶሎ እንዲደርስሽ እየተመኘሁ ነው። ወረቀቱን ካልላክሽው «ይቀየር» ብለሽ ጻፊበት። ከላክሽው ሌላ ጽፈሽ ላኪ፤ ሁለተኛውን እቀበላለሁ፣ ደንቡ ይሙት።

የአጎትሽ ልጅ


ጥር 18 ቀን

ጋሼ፤

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። የመተኮሻ ማሽኑን እንደበራ ትቼው ወጥቼ ወደ ስልክ ቤት ሮጥኩ። ማተሚያ ቤቱ ጋ ደወልኩ። ዘበኛው አነሣው። አንተ እንደሌለህ ነገረኝ። ምርጫውስ አልኩት፤ የማይመለከተውን ሰውዬ። «አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ስምንት ነው አሉ፤ እንደ ነበረ ይቆያል፤ ባለ ታክሲው ሲጨፍር ዋለ» አለኝ። ከዚያ ማን ልበል አለኝ። ዘጋሁበት።

የእኔ ናት አይደል? አንዷ ድምፅ የእኔ ናት።

ሌላ ወረቀት አብሬ ልኬአለሁ። «ይቀየር» ብዬ አሥር ጊዜ ጽፌበታለሁ። ጊዜው እንዳለፈ አውቃለሁ። እባክህ ድጋሚ ይመረጥ በላቸው። ፌንጣ ተሳስታ ነው በል፣ አብዳለች በል፣ የፈለግከውን በል። ከባድ ዱላ ልኬበት ከባድ ሥራ ፈረድኩበት። «ይማርዎ» ብዬ የጻፍኩትንም ቅደደው። በአንቱታ ስጽፍልህ ምን ያህል እንደተናደድኩ እንድታውቅ ነበር፤ አሁን ሳስበው እጄ ይቆረጥ እላለሁ።

ለምን አስቀድመህ አልነገርከኝም? ይኼን ስል ራሴን እየወቀስኩ ነው፤ ግን አንተንም እወቅሳለሁ።

ፌንጣ


የካቲት 20 ቀን

ለውድ የአክስቴ ልጅ፤

ጤናሽን ከጠየቅኩ በኋላ ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ፤ መንገድ ብዞርበት አይቀልልኝም።

አዎ፣ ያንቺ ናት። ሠላሳ ስድስቱ ወረቀት ተቆጥሮ አሥራ ስምንት ለአሥራ ስምንት ሆነ። በደንባችን እኩል ከሆነ ባንዱ የፈለገውን ያደርጋል። ያንቺ ፖስታ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ውስጡ ያለውን ጽፈሽልኛልና አውቀዋለሁ። «የሩቋ አልደረሰም» ብል ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ ነገሩ በዚያ ያልቅ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ጸሐፊ ስሆን የአንድ ሰው ድምፅ ውጬ አላውቅም። አንቺም ድምፄ የእኔ ይሁን ብለሽ ነበር። አወጣሁትና አነበብኩት። ነጎድጓድ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አጨበጨበ። ቀኝ መዳፉ ግራውን ስቶ ደረቱን መታው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቃለ ጉባኤ ብዬ ሰው ጎዳሁ እያልኩ እውላለሁ። አንቺ ሳታውቂ ነው ያደረግሽው፤ እኔ አውቄ ነው።

ድጋሚ ይመረጥ ልላቸው ፈልጌ ነበር። ለምን ቢሉኝ ምን እላለሁ? ደግሞ እርሱ ራሱ ከለከለኝ። «ተመርጧል፤ እመታለሁ» አለ።

ኮንሰርቱ የካቲት 16 ቀን ከሰዓት በኋላ በሠራተኞች አዳራሽ ነበር። መቀመጫው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። «ሰባት ቁጥር አውቶቡስ» መክፈቻ ሆኖ ተመርጦ ነበር። ስምንቱን ምት መታው፤ ልክ እንደ ድሮው። የሒሳብ መምህሩ ዞሮ ፋርማሲስቷን አያት፣ እርሷም ሳቀችለት። እኔም ለአንድ አፍታ ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዱላው ከእጁ አምልጦ ወደቀ። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ አጨበጨበለት። ጎንበስ ብሎ አነሣው። እንደገና ወደቀ። ሁለተኛው ላይ የሳቀ ሰው አልነበረም። ነጎድጓድ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቁጭ አለ። ሻካራው ፊቱን ወደ እርሱ አዙሮ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ያለ ድራም ዘፈኑን ጨረሰ። ከዚያ መጋረጃው ተዘጋ።

ባንዱ ፈርሷል። ማሽኑን ለምን አትጀምሩም ቢሏቸው ሻካራው «ማሽኑ ለእርሱ ነበር» አለ። አሁን ሁሉም ሰው አውቋል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱን መጻፍ ነው ያስጨነቀኝ። ነጎድጓድ ያንቺን ወረቀት ሳነብ ሰምቷል። «ያቺ ልጅ ባሕር ማዶ ሆና የእኔን እጅ መረጠች» ይላል። ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራዋል። ይኼን ሲል ፊቱ ይበራል። ቃሌን አፍርሼ እንደጻፍኩልሽም፣ ብታውቂ ኖሮ ይቀየር ትይ እንደነበርም አልነገርኩትም። «ጻፍልኝና አመስግናት፤ እርሷም ብትችል ሁለት መስመር ትጻፍልኝ» ብሏል። የምትጽፊውን አንቺ ታውቂያለሽ። እንዲህ በይ አልልሽም።

የአጎትሽ ልጅ


መጋቢት 14 ቀን

ጋሼዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እንጃ። አንሶላው ይመጣል፣ እተኩሳለሁ፣ ይሄዳል።

ለነጎድጓድ ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት። በመጀመሪያው «የመረጥኩት ስለምወድህ ነው» ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት። እውነት ነው፣ ግን ደግሞ አይደለም። በሁለተኛው ስለ ወንድሜ ብቻ ጻፍኩ፤ ያም መሸሸግ ሆነብኝ። ወንድሜ ሲሞት አንድ ጊዜ ዋሽቻችኋለሁ። ያ ውሸት እስከ ዛሬ አላስተኛኝም። በሁለተኛው ሰው ላይ አልደግመውም።

ሦስተኛውን አብሬ ልኬልሃለሁ። እውነቱን ነው የጻፍኩት። ሳላውቅ እንደመረጥኩ፣ ሳውቅ አሥር ጊዜ ይቀየር ብዬ እንደጻፍኩ፣ ማን እንደነገረኝም። ስምህን ልዝለለው ብዬ ሞከርኩ፤ ሳትኖርበት ነገሩ ትርጉም አይሰጥም። ከባድ ነገር ላይ እንደምጥልህ አውቃለሁ። እጁ ወረቀት ካልያዘለት አንተ ታነብለታለህ። ስለ ራስህ የጻፍኩትንም በገዛ አፍህ ታነባለህ ማለት ነው። ይቅር በለኝ።

ካልፈለግክ አታንብብለት። አላነበብኩለትም ብለህ ብቻ ጻፍልኝ፤ አነበብኩለት ብለህ አትዋሸኝ።

ፌንጣ


ሚያዝያ 8 ቀን

ለፌንጣ፣ ለእህቴ፤

የተላከው ደርሷል። አንቺ ሰላም ሁኚልኝ። ሳሌ ሄዷል፤ ሚስቴ ሽሮፑ ነው ትላለች፣ ፋርማሲስቷም እንደዚያው።

አነበብኩለት። ቤቱ ሄጄ ነው፤ ሚስቱ ወንበር ሰጥታኝ ወጣች። ስሜ ያለበት ቦታ ስደርስ አቆምኩ። ውሃ ጠጣሁና ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻው አላቋረጠኝም። ሲያልቅ «ባውቅ ኖሮ ይቀየር እል ነበር ያለችበትን ድገምልኝ» አለ። ደገምኩለት።

«ሌሎቹስ?» አለኝ። «ቢያውቁ ኖሮ ሁሉም ይቀየር ይሉ ነበር?»

«ሁሉም» አልኩት። «ባለ ታክሲውም።»

«እኔም ይኼንኑ ፈርቼ ነው አትናገር ያልኩህ» አለ። «ሠላሳ ሰባት ሰው ተነሥቶ አዝኖልኝ፣ እኔ ማሽን እየነካካሁ፣ እናንተ እያጨበጨባችሁ። ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሳያውቅ ድራሜን መምረጡ ይሻለኛል። እርሷም ያኔ ሳታውቅ ነበርና ከአሥራ ዘጠኙ አላስወጣትም። አትልቀስ በላት። እውነቱን ስለጻፈችልኝ አመስግናታለሁ።»

ላንቺ ያለው ይኼ ነው። እኔን ምንም አላለኝም። ስወጣ እጄን አልጨበጠኝም፤ እጁ አልታዘዝለት ብሎ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን በምሳ ሰዓት ጥረዛ ክፍሌ መጥቶ አያውቅም። ሃያ ዓመት የመጣ ሰው ነው። አሁንም ሰዓቱ ሲደርስ ወንበሩን ከወረቀት ክምሩ ሥር አውጥቼ አስቀምጣለሁ። ላንቺ ነግሬሽ ትክክል ሠራሁ ወይስ አጠፋሁ የሚለውን ሳስብ እውላለሁ፤ አንቺ ግን ይኼን ለእኔ ብለሽ አትመልሺው።

ቅዳሜ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ባለ ታክሲው ወረቀቱን ከመስታወቱ ፍቆ ጥሎታል፤ ሙጫው ግን አልለቅ ብሎታል። ፋርማሲስቷና የሒሳብ መምህሩ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው አጀንዳው ምንድን ነው አለኝ። ሁሉም እኔን አየኝ። ስለ ቆርቆሮ የሚከራከሩበት ነገር ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። የድሮ ካሴት እንስማ ያለም አልነበረም። ቃለ ጉባኤው ላይ ቀኑንና የመጣውን ሰው ቁጥር ጻፍኩ፤ ሃያ ስድስት ነበርን። ከዚያ በታች የምጽፈው ስላልነበረ በጊዜ ወደየቤታችን ሄድን።

የአጎትሽ ልጅ